አዬዮ ቤቷን ያነሳች ዕለት

አያቴ እናቴን አትወዳትም ነበር። ይህን በስምንት ዓመቴ ደርሼበታለሁ፤ ማስረጃም ሞልቶኝ ነበር።

የደረስንበትን ቀን ብቻ ብናይ ይበቃል። ከጅግጅጋ ጀምሮ በኤንትሬ የጭነት መኪና ላይ፣ በሩዝና በስኳር ጆንያ መሃል ተወሽቀን፣ አቧራ ስንቅም ውለን፣ ዛፍ የሚባል ነገር ከማይታይበት ሜዳ ላይ ከአያቴ የሰሌን ቤት ደጃፍ ወረድን። አያቴ ዳሀቦ መጀመሪያ እኔን አገላብጣ ሳመችኝ። ቀጥላ ታናሽ ወንድሜን ሰመተርን አንስታ አፍንጫውን ነከስ አደረገችው፤ የምትወደውን ልጅ የምትስመው እንደዚያ ነው። ከዚያ ወደ እናቴ ዞረችና ከሻሿ እስከ ጫማዋ አየቻት።

«ይቺ አሁንም አልወፈረችም እንዴ! አንቺ ሮዳ፣ እዚህ አገር ነፋስ አለ፤ ድንጋይ ታቅፈሽ ተቀመጪ።»

እናቴ ሻንጣዋን አንስታ ወደ ውስጥ ገባች። እኔ ግን እሷን ተክቼ ቂም ያዝኩ።

እኛ ልጆች አያታችንን «አዬዮ» ነው የምንላት። ያኔ መቶ ዓመት የሞላት ይመስለኝ ነበር፤ ዛሬ ሳሰላው ስልሳም አልደረሰችም። ረጅምና ቀጭን ናት፤ ውሃ የሞላ ጀሪካን ወሬዋን ሳታቋርጥ ታነሳለች። አንድ ጊዜ ጅብ የፍየሎቹ በረት ውስጥ ቢገባባት በጫማዋ ደብድባ አስወጥታዋለች እየተባለ ይወራ ነበር። እውነት ነው ወይ ብዬ ጠይቄያት ጫማውን አምጥታ አሳየችኝ፤ ከመኪና ጎማ የተሠራ ነው። እኔም ከዚያ በላይ መጠየቅ አላስፈለገኝም።

ዘመድ ልንጠይቅ የሄድን መስሎኝ ነበር። በየዓመቱ ትምህርት ሲዘጋ እንሄዳለን፤ አባቴ በሕይወት ሳለ እሱ ነበር የሚወስደን። አባቴ ኢልሚ በወባ ከሞተ ዓመት አልፎታል። እናቴ ጅግጅጋ ውስጥ በተከራየናት ቤት በረንዳ ላይ የስፌት መኪናዋን ዘርግታ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች፤ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ጉልበት በእሷ እጅ ነው የሚሸፈነው። ያን ዓመት ግን ጉዞው የእሷ ሐሳብ አልነበረም። የአባቴ ጎሳ ሽማግሌዎች «ልጆቹን ይዘሽ ነይ፣ የምንነጋገረው አለ» ብለው ልከውባት ነበር። ይህን ለእኔ የነገረኝ የለም።

ከሰዓት በኋላ የጎረቤት ሴቶች ሻይ ሊጠጡ ይመጣሉ፤ አያቴም ስድቧን የምትጀምረው ያኔ ነው።

«ማለብ? እሷ? ፍየሏን ለመንካት መጀመሪያ ይቅርታ ትጠይቃለች። ፍየሏ እስክትፈቅድ ይመሻል።»

ሴቶቹ ይስቃሉ። እናቴ አንገቷን ደፍታ ሻይ ትቀዳለች።

«ሻይዋንም እዩት፣ ግማሹ ለመሬት ነው። ደግሞ ታንኮራፋለች! ወላሂ፣ ትናንትና ግመሎቹ ተነስተው ቆመው አደሩ።»

ይህ ግን ዓይን ያወጣ ውሸት ነው። እናቴ አታንኮራፋም፤ ከጎኗ የምተኛው እኔ ነኝ። ልመሰክር አፌን ስከፍት እናቴ ከኋላ ጭኔን ቆነጠጠችኝ፤ የምሯን ነው የቆነጠጠችኝ። የገዛ ክብሯን ላስመልስላት ስነሳ ለምን እንደምትቆነጥጠኝ ሊገባኝ አልቻለም።

ከብዙ ዓመት በኋላ ነው ይህን አንስቼባት እስክታነባ የሳቀችው። አያቴ ያን ሁሉ የምትለው ወሬው በየቤቱ ዞሮ ከሽማግሌዎቹ ጆሮ እንዲደርስ ነበር። እናቴን የማትረባ፣ ሰነፍ፣ የምታንኮራፋ፣ ለማንም የማትሆን ሚስት አድርጋ ማስወራቷ ነው። እናቴም ሻዩን ሆን ብላ ታፈስሰው ነበር።

የታሰበው ባል ደግሞ አጎቴ አዴር ቢሂ ነበር፤ «አዴር» የምንለው የአባቴ ታናሽ ወንድም ስለሆነ ነው። በእኛ ወግ ባሏ የሞተባትን ሴት የባሏ ወንድም ያገባታል፤ ሴቲቱም ልጆቹም ከጎሳው እንዳይወጡ። አዴር ቢሂ ሺክሪ የምትባል ሚስትና ልጆች ነበሩት፤ ቤታቸው ከአያቴ ቤት አጠገብ ነው። ግን ሁለተኛ ማግባት ለእሱ ነውር አይደለም፤ አለማግባቱ ነው «የወንድሙን ልጆች ጣለ» የሚያሰኘው።

እኔ አዴር ቢሂን እንደ ነፍሴ እወደው ነበር። አመሻሽ ላይ ከግመሎቹ ሲመለስ ከኪሱ አሸዋ የተለቀለቀ ቴምር ያወጣል። ግመል ሲያጉረመርም ከግመሉ አስበልጦ ያስመስላል፤ አንዴ እንደዚያ ሲያደርግ እውነተኛው ግመል ዞሮ አይቶት ያውቃል። ስለዚህ ትልቋ ልጁ ኡባህ በረት ሥር ጎትታ ወስዳ በጆሮዬ ስታንሾካሹክልኝ ደስታዬን አልቻልኩትም።

«አባቴ እናትሽን ሊያገባ ነው። እህቴ ትሆኛለሽ። ከዚህ ወዲያ ጅግጅጋ የለም፣ ትምህርት ቤት የለም። አብረን ፍየል እንጠብቃለን!»

የማባዛት ሠንጠረዥ የሰባት ቤት ላይ ተቀርቅሬ የቀረሁ ልጅ ነበርኩ፤ ፍየል መጠበቅ ገነት ሆኖ ታየኝ። ያን ቀን ሙሉ ለየፍየሉ ስም ሳወጣ ዋልኩ። የእናቴ የስፌት መኪና ምን ይሆናል፣ እሷስ ምን ትሆናለች የሚለው ሐሳብ ባጠገቤም አላለፈም።

በማግስቱ ጠዋት እናቴና አያቴ ከበረቱ ጀርባ ቆመው አየኋቸው። ድምፃቸው አይሰማም፤ ነፋሱ ወደ ሌላ ወገን ይወስደዋል። አያቴ ጣቷን ከእናቴ አገጭ ሥር አድርጋ ፊቷን ወደ ላይ አቀናችና አንድ ነገር ጠየቀቻት። እናቴ ራሷን ነቀነቀች። አያቴ ደግማ ጠየቀቻት፤ እናቴ አሁንም ነቀነቀች። ከዚያ አያቴ ምራቋን ቱፍ ብላ፣ በትሯን መሬት ላይ ወርውራ፣ ትከሻዋን ሰቅላ ሄደች።

«ተጣሉ» አልኩት ለሰመተር።

«ማን አሸነፈ?» አለኝ።

የተጣላ አልነበረም። ስድቡ ብቻ እንደማይበቃ ሲታያት አያቴ ቁርጡን የጠየቀቻት «ቢሂን ትፈልጊዋለሽ? ልጄ ስለሆነ አፍረሽ እንዳትዋሺኝ» ብላ ነበር። እናቴ አልፈልግም አለቻት፤ ወንድሜ ነው፣ በኢልሚ አልጋ ላይ እሱን ማየት አልችልም አለቻት። ያን ሰሞን እናቴን ትፈልጊያለሽ ወይ ብሎ ከልቡ የጠየቃት ሰው አያቴ ብቻ ነበረች። በትሩን የወረወረችው በእናቴ ተናድዳ እንዳልነበር አሁን አውቃለሁ፤ ከዚያ ደቂቃ ጀምሮ ምን ማድረግ እንዳለባት ስለገባት ነው።

ሽማግሌዎቹ የመጡት በነፋስ ቀን ነው። ሌላ አገር ሽማግሌ ዛፍ ሥር ይቀመጣል፤ በእኛ ሜዳ ዛፍ ስለሌለ ዛፉ የአያቴ ቤት ነበር። ጎብጠው በተተከሉ የእንጨት ቅስቶች ላይ ሰሌን የለበሰ፣ ከአካባቢው ቤቶች ሁሉ ሰፊው እሱ ነው። ጢማቸውን ሂና የተቀቡት ሐጂ ዲሪር ቀድመው ጎንበስ ብለው ገቡ፤ ስማቸው የጠፋኝ ሦስት ሽማግሌዎች ተከተሏቸው፤ አዴር ቢሂ መጨረሻ ገባ። ዓይኑን ከመሬት አላነሳም። ያን ቀን በኪሱ ቴምር አልነበረውም። አያቴ ሻይ ቀዳች፤ እናቴ በሩ ሥር ተቀመጠች። እኔና ኡባህ ከውጭ ጆሯችንን ሰሌኑ ላይ ለጠፍን።

ሐጂ ዲሪር ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ኢልሚ ልጃችን ነበር። ልጆቹ ልጆቻችን ናቸው። ሮዳም ጨዋ ልጅ ናት...»

«ታንኮራፋለች» አለች አያቴ።

«ሰምተናል፣ ዳሀቦ። አገሩ ሁሉ ሰምቷል።» አንደኛው ሽማግሌ ሻይ ትን አለው። «እንግዲህ ሮዳ፣ ቢሂ ይኸው አለ። ታገቢዋለሽ ወይ?»

የእናቴ ድምፅ ቀጭን ሆኖ ወጣ። «ቢሂ ወንድሜ ነው። አላገባም።»

ከዚያ ሐጂ ዲሪር ቀጠሉ፤ አልተቆጡም፤ ድምፃቸው እንዲያውም የለሰለሰ ነበር። «ማንም አያስገድድሽም። ሃይማኖታችንም አይፈቅድም። ወደ ጅግጅጋሽ በሰላም ሂጂ። ልጆቹ ግን በአባታቸው ቤት ያድጋሉ። ይሄን እኔ አላመጣሁትም፤ ወግ ነው።»

ኡባህ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ፤ «ቀረሽልኝ!» አለችኝ። ልስቅ ስል ከውስጥ የእናቴን ድምፅ ሰማሁ። ልቅሶ አይባልም፤ የሆነ አጭር ድምፅ ነው። ከዚያ በፊት የሰማሁት አባቴ የሞተ ዕለት ብቻ ነው። እኔ ስቀር እሷ እንደማትቀር ያን ጊዜ ገባኝ። ፍየል በአንድ ጊዜ አስጠላኝ።

«ቆይ ሐጂ» አለች አያቴ። «ጆሮዬ ደከም ብሏል። የት ነው የሚያድጉት?»

«በአባታቸው ቤት።»

«የአባታቸው ቤት የቱ ነው?»

«ምን ማለትሽ ነው? ይሄው ነዋ፣ የተቀመጥንበት! ኢልሚን የወለድሽው እዚሁ አይደል?»

«እዚሁ ነው። እነዚህ ቅስቶች ሥር። እናቴ ናት ለሰርጌ ያጎበጠቻቸው። ታዲያ ልጆቹ ይሄ ቤት ባለበት ይኖራሉ ነው የምትለኝ?»

«እሱን ነው የምልሽ!»

«እናንተስ?» ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ አዎ፣ አዎ አሉ። «ቢሂ፣ አንተስ?»

አዴር ቢሂ ሳል ያዘው። «አዎ እናቴ» አለ በመጨረሻ። ድምፁ እንግዳ ነበር። የእናቱን ነገር ከሁሉም ቀድሞ የጠረጠረው እሱ ሳይሆን አይቀርም።

«በሉ ሻያችሁን ጠጡ» አለችና ወጣች።

ወጥታ ነፋሱን ሽቅብ አየችው። የልብሷን ጫፍ ወገቧ ላይ ቋጠረች። ከዚያ ጎንበስ አለችና የመጀመሪያውን ካስማ ነቀለች።

ምን እያደረገች እንደሆነ ለመረዳት ጊዜ ወሰደብኝ። ሁለተኛውን ነቀለች፤ ገመዱን ፈታች፤ የላይኛውን ሰሌን በአንድ ጉተታ አወረደችው። ሺክሪና የጎረቤት ሴቶች ገመድ ገመድ ይዘው እየሮጡ መጡ። ተደናግጠው የመጡ መስሎኝ ነበር፤ ፊታቸው ግን የተደናገጠ ሰው ፊት አልነበረም፤ ሺክሪ እንዲያውም ጥርሷ አይከደንም። የጭነት ግመሉም ከበረቱ ጀርባ ተንበርክኮ ያመሰኳል። ግመሎቹ ሁሉ ጠዋት ሲሰማሩ እሱ ብቻ ለምን እንደቀረ የጠየቀ ወንድ አልነበረም።

በልጅነት አእምሮዬ ነገሩን ወዲያው ፈታሁት። ሽማግሌው «ይሄ የልጆቹ ቤት ነው» አሉ፤ አያቴ ደግሞ የእኛ ከሚሆን ይፍረስ ብላ ታፈርሰዋለች። እናቴን የምትጠላትን ያህል እኛንም ትጠላናለች ማለት ነው። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ ያኔ ቢሰጠኝም የምቀበል አይመስለኝም።

ሰሌኖቹ አንድ በአንድ ወረዱ። ፀሐይ ሽማግሌዎቹ ጭን ላይ ገባች፤ ነፋሱም ተከተላት። እነሱ ግን አልተነሱም። ትልልቅ ሰዎች ናቸው፤ ሴት ሰሌን ገፈፈች ብለው ዘለው አይወጡም። የሻይ ብርጭቆአቸውን በመዳፋቸው ከአቧራ እየከለሉ፣ ሥጋው ያለቀ የጎድን አጥንት በመሰለው ቅስት መሃል እንደ ተቀመጡ ቀሩ።

«ዳሀቦ! ምን እየሆንሽ ነው?» አሉ ሐጂ ዲሪር።

«ቤቴን እያነሳሁ።»

«እኛ ውስጥ ነን እኮ!»

«አይቻችኋለሁ። ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ጠጡት፤ ብርጭቆውን እፈልገዋለሁ።»

ያን ጊዜ ነፋሱ የሐጂን ጥምጣም ፈትቶ ይዞት ሄደ። እኔና ሰመተር እየጮህን ተከተልነው። ጥምጣሙ ረጅም ነው፣ ሜዳው ሰፊ ነው፤ ስንሮጥ ዋናው ንግግር አመለጠን። እኔ የማውቀው ሺክሪ በየሰርጉ ስትተርከው ሰምቼ ነው፤ ስትተርክም የሁሉንም ድምፅ እየለዋወጠች ነው።

ሐጂ ዲሪር «ሽማግሌ ተቀምጦ ቤት አይነሳም!» ብለው ተቆጡ።

«ቤቱ የማን ነው?» አለች አያቴ።

መልሱን ሕፃን ያውቀዋል። በሜዳው ቤት የሴት ነው። እናቷ ሠርታ ትሰጣታለች፣ እሷ ትተክለዋለች፣ እሷ ትነቅለዋለች፣ በግመል ጭና የምታጓጉዘውም እሷ ናት። ወንድ ግመል አለው እንጂ ቤት የለውም። ሐጂ ዲሪርም ራሳቸው የተቀመጡት በእንግድነት ነው።

«ወዴት ልትሄጂ ነው?»

«ጅግጅጋ። ልጆቹ ይሄ ቤት ባለበት ይኖራሉ አላችሁ፤ አራታችሁም ቢሂም። ቤቱ ጅግጅጋ እየሄደ ነው።»

«ጅግጅጋ እኮ ሣር የለም!»

«እኔ ፍየል አይደለሁም።»

መጀመሪያ የሳቀው ሻይ ትን ያለው ሽማግሌ ነው። ቀጥሎ አዴር ቢሂ ፊቱን በሽርጡ ሸፈነ። ሐጂ ዲሪር ግን አልሳቁም። ያለ ጥምጣም፣ ያለ ጣሪያ ተቀምጠው ረጅም ጊዜ አያቴን አይዋት ይላል የሺክሪ ትረካ። ከዚያ ሻያቸውን እስከ መጨረሻው ጠጡና ብርጭቆውን በእጃቸው አቀበሏት።

እኛ ጥምጣሙን ይዘን ስንመለስ የቤቱ ቦታ ባዶ ሆኖ ነበር። ቅስቶቹ በግመሉ ጎንና ጎን ታስረዋል፤ ሰሌኖቹ ተጠቅልለዋል፤ የወተት ዕቃዎቹ ከላይ ተንጠልጥለዋል። እናቴ ፊቷን በነጠላ ልብሷ ሸፍና ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። በብብቴ የያዙኝ እጆች የአያቴ ነበሩ፤ አንስታ ጭነቱ አናት ላይ አስቀመጠችኝና ሰመተርን ጭኔ ላይ ጣለችው።

«ያዢው። ከወደቀ አንቺን ነው የምጠይቀው።»

በቃ፣ እያባረረችን ነው አልኩ። እናቴ እያለቀሰች አይደለም፣ እየሳቀች ነበር ብላኛለች። ቆይታ ደግሞ ሁለቱንም ነበር አለች።

ግመሉን እየሳበች አያቴ ከፊት፣ እናቴ ከኋላ፣ እኛ ከላይ ሆነን ሄድን። የእናቴ የከተማ ጫማ ከሰዓት ሳይደርስ ተረከዙ ተነቀለ። አያቴ ቆመች፤ ጫማውን አንስታ አገላብጣ አየችው።

«ይሄን አድርገሽ ነው እኔ ቤት የመጣሽው? ይሄ ጫማ ነው ወይስ ብስኩት?»

ወርውራ ጣለችው። ጅቡን የደበደበችበትን የጎማ ጫማ አውልቃ ለእናቴ ሰጠቻትና ባዶ እግሯን ጉዞዋን ቀጠለች። ከላይ ሆኜ ይህን አይቻለሁ። ስድቡን ከማስረጃዎቼ ጋር ደመርኩት፤ ጫማውን መደመሩን ረሳሁት።

ጅግጅጋ የገባነው በሦስተኛው ቀን፣ ሰው በሚበዛበት ሰዓት ነው። ባጃጅ ያልነበረበት ጊዜ ቢሆንም ጋሪና መኪና ነበር፤ ሁሉም ቆመው አሳለፉን። የሰፈራችን ልጆች እየተንጫጩ ተከተሉን፤ እኔም ከላይ ሆኜ እንደማላውቃቸው ሆንኩ። አከራያችን መፋቂያውን በአፉ እንደያዘ ወጣ፤ ግመሉን አየ፤ አያቴን አየ፤ ተመልሶ ገባ።

ከግመሉ ስታወርደኝ ፈጠን ብዬ «ደህና ግቢ፣ አዬዮ» አልኳት። እናቴ ስታስተምረኝ የኖረችውን ጨዋነት በዚያች ሰዓት ሳልሰስት ተጠቀምኩበት።

«የት ነው የምገባው?» አለችኝ። «ቤቴን አትዪውም?»

በውሃው በርሜልና በልብስ ማስጫው ገመድ መካከል ያለውን ቦታ በእርምጃዋ ለካች። ከዚያ ቅስቶቹን መፍታት ጀመረች። እኔ የስፌት መኪናው ሥር ገብቼ አለቀስኩ። ጠላታችን ከነቤቷ ግቢያችን ገባች፤ ከዚህ በላይ ምን ይመጣል?

ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤቱ ቆመ። እናቴ ክፍል ውስጥ አልጋ አንጥፋላት ነበር፤ አያቴ ቆርቆሮ ጣሪያውን ቀና ብላ አይታ «ይሄ አይተነፍስም» አለችና ወደ ሰሌኗ ተመለሰች። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሳምንታት የጅግጅጋን ውሃ ሰደበች፣ የጅግጅጋን ወተት ሰደበች፤ አከራያችንንም በስሙ ጠርታ ሰደበችውና ሰውየው ምክንያቱ ሳይገባው ይፈራት ጀመር። እናቴንም አልተወቻትም። ሽማግሌዎቹን ለማሳሳት የጀመረችው ስድብ ምላሷ ላይ ጣፍጧት ቀረ መሰለኝ።

እኔና ሰመተር የቤት ሥራችንን የምንሠራው እሷ ጋ ነበር፤ እንዲያ ብላ አዘዘች። ማንበብ አትችልም። ግን ከፊታችን ቁጭ ብላ እርሳሳችን ሲቆም በትሯን ታነሳለች። የሰባት ቤትን የጨረስኩት በዚያ በትር ነው።

አንድ ቀን ሐጂ ዲሪር አንድ ሽማግሌና አዴር ቢሂን አስከትለው መጡ። አያቴ ከተቀመጠችበት ሳትነሳ ግቡ አለቻቸው። ሐጂ ጎንበስ ብለው ገቡ። ደብተራችንን አዩ። ቅስቶቹን አንድ በአንድ በእጃቸው ዳሰሷቸው፤ ሌላ እንጨት እንዳልሆነ ሊያረጋግጡ ይመስል።

«ይሄው ቤት ነው» አሉ ለሽማግሌው።

ሻይ ጠጡ፤ ስለ ዝናብ አወሩ። ስለ እናቴም ስለ እኛም አንድም ነገር አላነሱም። ሲወጡ በሩ ላይ ቆም አሉ። «ዳሀቦ፣ የሜዳው ሰው ናፍቆሻል።»

«ይምጡ። ቤቱን ያውቁታል።»

አዴር ቢሂ ወደ ኋላ ቀረት አለ። ያመጣውን ቅቤ በረንዳው ላይ አስቀመጠና እናቴን ግንባሯን ሳማት። «እህቴ፣ ሺክሪ ሰላም ብላሻለች» አለ። ፊቱ የቀለለው ሰው ፊት ነበር። ለእኔና ለሰመተር ቴምር ከኪሱ አወጣልን።

እነሱ ከሄዱ በኋላ እናቴ ስፌቷን ትታ መጣችና ከአያቴ ፊት መሬት ላይ ተቀመጠች። እኔ ጥግ ላይ ቴምር እበላለሁ።

«ኤዶ» አለቻት፤ አማቷን እንደዚያ ነው የምትጠራት። «ፍየሎችሽ እዚያ፣ ባልንጀሮችሽ እዚያ፣ ሰማዩ እዚያ። ለእኔ ብለሽ ያን ሁሉ ለምን ተውሽ?»

አያቴ መሳደብ ትጀምራለች ብዬ ጠበቅኩ።

ያን ቀን እናቴም የማታውቀው ነገር ነበር፤ እኔ የሰማሁት ደግሞ አድጌ ነው። አያቴ የመጀመሪያ ባሏ፣ የአባቴ አባት፣ ሲሞትባት ገና ልጅ ነበረች፤ አባቴን ጡት ታጠባለች። ሽማግሌዎች በዚያው ቤት፣ በእነዚያው ቅስቶች ሥር ተቀመጡ። ሻይ ቀዳችላቸው። ሲነሱ የባሏ ወንድም ሚስት ሆና ነበር። አዴር ቢሂ የዚያ ትዳር ልጅ ነው። ሰውየው ክፉ አልነበረም ይላሉ፤ አያቴ ግን አንድም ቀን ስሙን ስትጠራ አልሰማሁም።

«እኔ እንዳንቺ የሆንኩ ጊዜ» አለች አያቴ፣ ቅስቱን እያየች፣ «ቤቱን የሚያፈርስልኝ አልነበረም።»

እናቴ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

እኔም ገባኝ፤ በእኔ መንገድ ነው የገባኝ። ያ ሁሉ ካስማ፣ ያ ሁሉ ገመድና ሰሌን ለአንዲት ሴት ብቻዋን! ረዳት አልነበራትም ማለት ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ አሳዘነችኝ። ቴምሬን አስቀምጬ ተነሳሁ።

«እኔ አፈርስልሻለሁ፣ አዬዮ» አልኳት።

ዞራ አየችኝ። ብዙ አየችኝ። ከዚያ እጄን ሳብ አድርጋ መዳፌን ገለበጠችው፤ በቴምር ተጨማልቋል።

«በዚህ እጅ? ይሄ የእናትሽ እጅ ነው፤ ቅቤ ነው» አለች። ድምፅዋ ግን ልክ አልነበረም። በትሯን ተደግፋ ተነሳች። «ነይ ውጪ። መጀመሪያ ካስማ እንዴት እንደሚነቀል ላሳይሽ።»

ተከትያት ወጣሁ። እናቴም ዓይኗን በክንዷ ጠርጋ ከኋላዬ መጣች።